ከብሩ ፍሉት ወደ ባሮክ ፍሉት መዞር፦ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ዲ ሻርፕ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል ታገሱኝ፣ ለወራት በውስጤ ሲመላለስ የከረመ ነገር ስለሆነ ነው። ፍሉት መንፋት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው፣ ዘመናዊውን የብሩን ማለቴ ነው፣ ቦም የሚባል ሰው ያወጣውን ባለ ብዙ ቁልፉን፣ ዲግሪዬን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቶኛል፣ እና እስካለፈው ዓመት ድረስ ሃሳቤ አንድ ብቻ ነበር፣ ተመርቄ ከኦዲሽን ኦዲሽን እየዞርኩ አንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ወንበር ማግኘት። ከዚያ የሦስት ቀን ወርክሾፕ ላይ ትራቬርሶ አስያዙኝ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው የባሮክ ዘመን (ከ300 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው) የእንጨት ፍሉት፣ ሮተንበርግ የሚባል የድሮ ሠሪ ፍሉት ኮፒ ነው አሉኝ። እንደለመድኩት ነፋሁት፣ ምንም የለም፣ የአየር ሹሽታ ብቻ። አስተማሪው ግማሹን አየር ተዪው፣ ከንፈርሽንም ልቀቂው አለኝ፣ ለቀቅኩት፣ ዲ የምትባለው ኖት ወጣች። ድምፁ ትንሽ ነው ግን ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ በለሆሳስ ሲያወራችሁ ዓይነት ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ቴሌማን ለብቻ ፍሉት ከጻፋቸው 12 ፋንታዚያዎች (አጫጭር ሥራዎች ናቸው) አንዷን ሞከርኩ። በብሩ ፍሉት ለዓመታት የነፋኋት ናት፣ ሁሌም ትንፋሽ የት እንደምወስድ ይጨንቀኝ ነበር፣ በእንጨቱ ላይ ግን የትንፋሹ ቦታ ሳልፈልገው ራሱ መጣ። ጣቴ እየተሳሳተ፣ ግማሹ ኖት እየታፈነ ነው ታዲያ፣ ጥሩ ነፋሁ እያልኩ አይደለም።

አሁን ጥያቄዬ፣ ይሄ ነገር ስራ ነው ወይ? ማለቴ በታሪካዊ ፍሉት ብቻ የሚኖር ሰው አለ ወይስ ሁሉም ሌላ ስራ እየሰራ በጎን ነው የሚነፋው? የኔ አስተማሪ ስነግረው ደስ አላለውም፣ ከንፈርሽ ይበላሻል፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ነው ያለኝ፣ እውነቱን ነው? ኦዲሽኑስ እንዴት ነው፣ የት ነው የሚማሩት፣ መጀመሪያ የሚገዛው የትኛው ፍሉት ነው፣ የሰማሁት ሁሉ የተለያየ ስለሆነ ግራ ገባኝ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ስድስት ቀዳዳ

እህቴ እኔ በዚህ ስራ 26 ዓመቴ ነው፣ አዎ ይኖርበታል፣ ግን አንቺ ስራ ስትዪ በአእምሮሽ ያለው የኦርኬስትራ ወንበር ከሆነ እሱ እዚህ የለም ማለት ይቻላል፣ መጀመሪያ ይሄን ልንገርሽ ምክንያቱም ለኔ ማንም አልነገረኝም።

ምክንያቱ ሙዚቃው ራሱ ነው። የባሮክ ኦርኬስትራ መሠረቱ ቫዮሊኖቹና ባሱ ናቸው፣ እነሱ በሁሉም ኮንሰርት ላይ አሉ። ፍሉት የሚጠራው አቀናባሪው ፍሉት ከጻፈ ብቻ ነው። የሃንደልን መሲህ ተመልከቺ፣ በዓል በደረሰ ቁጥር በየቦታው የሚቀርብ ሥራ ነው፣ ኦቦ አለው፣ ትራምፔት አለው፣ ከበሮ አለው፣ ፍሉት የለውም። ጓደኞቼ አንድ ወር ሙሉ መሲህን ይዘው ሲዞሩ እኔ ቤቴ ነኝ። በተቃራኒው የባህ የማቴዎስ ሕማማት በሁለት ኦርኬስትራ ነው የሚቀርበው፣ በእያንዳንዱ ሁለት ፍሉት፣ ስለዚህ አራት ሰው ይፈለጋል፣ እና ከፋሲካ በፊት ያሉት ሳምንታት ለኛ የዓመቱ መኸር ናቸው። ሆላንድ ውስጥ ናርደን የምትባል ከተማ ያለው ትልቁ ቤተክርስቲያን ውስጥ የማቴዎስን ሕማማት በየዓመቱ ለማቅረብ ብሎ በ1921 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ የባህ ማኅበር አለ፣ እስከዛሬም አለ፣ ልማዱ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቶ በዚያ ሰሞን ትራቬርሶ የሚነፋ ሰው ስልኩ አያርፍም። ከዚያ የባህ የገና ኦራቶሪዮ (በመዘምራንና በኦርኬስትራ የሚቀርብ ትልቅ ሥራ) አለ፣ እሱም ሁለት ፍሉት አለው፣ በበጋ ፌስቲቫሎቹ አሉ፣ በመሃል ደግሞ ዝም የሚሉ ወራት አሉ፣ ዝምታው መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፣ እኔ አሁንም አልለመድኩትም።

ስለዚህ ሁሉም ፍሪላንስ ነው፣ ቋሚ ተቀጣሪ ሳይሆን በየስራው የሚጠራ። በ1981 ፍራንስ ብሩገን ያቋቋመውን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦርኬስትራ ብታዪ እንኳን ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚቀመጥ ቡድን አልነበረም፣ ሙዚቀኞቹ ከተለያየ አገር ለጉዞ ይሰበሰባሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይበተናሉ። ብዙዎቹ ቡድኖች እንደዛ ናቸው። ቋሚ ደመወዝ ከፈለግሽ ከማስተማር ነው የምታገኚው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ አንድ ፍሉት አይበቃም። አንቺ የያዝሽው ኤ የሚባለው ኖቱ 415 ኸርዝ ላይ የተቃኘ ነው፣ ከዛሬው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ለባህና ለቴሌማን እሱ ይሆናል። ለፈረንሳይ ሙዚቃ፣ ለኦቴቴር ለኩፕራን፣ 392 ይጠይቁሻል፣ እሱ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፣ ረጅምና ጠቆር ያለ ድምፅ ያለው፣ ጣትሽን ይወጥረዋል። ለሞዛርትና ለሃይድን 430 አካባቢ፣ ቁልፍ የተጨመረበት ፍሉት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት ቁልፍ። ፍጥረት የሚባለው የሃይድን ኦራቶሪዮ ሦስት ፍሉት አለው፣ የቤትሆቨን ሲምፎኒዎች ሁለት አላቸው፣ ከአራተኛው ሲምፎኒ በቀር፣ እሱ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወደኋላ ሄደሽ ደግሞ የህዳሴው ፍሉት አለ፣ ወጥ ቱቦ፣ ምንም ቁልፍ የሌለው፣ ለብቻ ሳይሆን እንደ መዘምራን በአራት በአምስት ሆነው የሚነፉት። አንድ ሰው አምስት ፍሉት ይዞ ሲዞር ሀብታም እንዳይመስልሽ፣ እያንዳንዱ የአንድ ዓመት ቁጠባ ነው።

ስለ ከንፈር ጉዳይ የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ብሩን ዝጊው። ሁለቱን በአንድ ላይ የጀመሩ ልጆች አይቻለሁ፣ ትራቬርሶውን እንደ ትንሽ የብር ፍሉት ነው የሚነፉት፣ ይገፉታል፣ ድምፁ ይጮሃል እንጂ አይናገርም።

ሁለተኛ ፍሉት

ይሄኛው ላይ ከስድስት ቀዳዳ ጋር አልስማማም፣ ሌላው ያልከው ግን በሙሉ ልክ ነው። እኔ አራት ዓመት በትራቬርሶ ብቻ ለመኖር ሞክሬ ወደ ዘመናዊው የተመለስኩ ነኝ እና የኔንም ብትሰሚ ጥሩ ነው።

ለምን ተመለስኩ፣ ጉዞው ነው። ዘጠኝ ቀን እዚህ፣ አምስት ቀን እዚያ፣ ሻንጣ፣ ሆቴል፣ የማሞቂያው ደረቅ አየር ፍሉቱን ሲያደርቀው ሌሊት ተነስቼ እርጥበቱን ማየት። ሁለተኛው ልጄ ሲወለድ ባለቤቴ ብቻዋን ነበረች፣ እኔ ሌላ አገር ልምምድ ላይ ነበርኩ፣ ያ ነገር እስከዛሬ ያመኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ቡድን የሦስት ሳምንት ጉዞ ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው ፕሮግራሙ ተቀይሯል ፍሉት አያስፈልግም አለኝ፣ ለዚያ ጊዜ ሌላ ስራ ትቼ ነበር፣ ካሳ የሚባል ነገር አልነበረም ምክንያቱም የተፈራረምነው ወረቀት አልነበረም። አደራ፣ ጓደኛ ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ከንፈር ግን፣ አሁን በሳምንት ውስጥ ሁለቱንም እነፋለሁ፣ አልተበላሸሁም። የሚያበላሸው ሁለቱን መንፋት ሳይሆን የአንዱን ልማድ ወደ አንዱ ይዞ መግባት ነው። የኔ ዘዴ ጠዋት መጀመሪያ ትራቬርሶ ነው፣ ከንፈሬ ገና ሳይጠነክር፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ብሩ። በተገላቢጦሽ ካደረግሁት ግን የእንጨቱ ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይመጣም። እና አንድ ያላሰብኩት ነገር፣ ዘመናዊው ላይ ያለኝ ጆሮ ተቀየረ። በትራቬርሶ እያንዳንዱን ኖት በከንፈርሽ ነው ቅኝት የምትሰጪው፣ ቁልፉ አያድንሽም፣ ከዚያ በኋላ ኦርኬስትራ ውስጥ ከክላሪኔቱ ጋር ስነፋ ከድሮው ቀድሜ እሰማዋለሁ። ለአስተማሪሽ ይሄን ንገሪው።

ጠራቢ እጅ

እኔ ነፊ አይደለሁም፣ ሠሪ ነኝ፣ የድሮ ፍሉቶችን እየለካሁ ኮፒ እሠራለሁ፣ ስለዚህ የምመልሰው የትኛውን ልግዛ ያልሽውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ፍሉት 415 ላይ የተቃኘ ባለ አንድ ቁልፍ ይሁን፣ እና የሮተንበርግ ኮፒ ያስያዙሽ ሰዎች አልተሳሳቱም። ሮተንበርግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብራሰልስ ውስጥ የነበረ ሠሪ ነው፣ ሞዴሉ በየድምፁ ሚዛናዊ ስለሆነ ለጀማሪም ለኮንሰርትም ይሆናል። ከድሬዝደኑ ግሬንዘር፣ ከቱሪኑ ፓላንካ፣ ከለንደኑ ስታንስቢ የተቀዱም ጥሩ ጥሩ ኮፒዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ጠባይ አለው፣ ግሬንዘሩ ላይኛው ድምፅ ላይ ይቀልላል፣ ወደ ባሮክ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ላለው የጀርመን ሙዚቃ ይስማማል። የኦቴቴር ዓይነት 392 መጀመሪያ አትግዢ፣ ጆሮሽ ከመልመዱ በፊት ጣትሽ ይደክማል።

ውስጡን ብታዪው ራሱ ላይ ያለው ቁራጭ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፣ ከዚያ ወደ እግሩ እየጠበበ ይሄዳል። ቦም በ1847 ያወጣው የዛሬው ፍሉት ተቃራኒው ነው፣ አካሉ ቀጥ ያለ፣ ራሱ የሚጠብ። ብዙ ነፊ ልዩነቱ እንጨትና ብር ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ዋናው የቱቦው ቅርፅና የመንፊያው ቀዳዳ ነው። የባሮኩ ቀዳዳ ትንሽ ስለሆነ ነው ግማሹን አየር ተዪው ያሉሽ።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ቦክስዉድ ቀላልና ለስላሳ ድምፅ አለው ግን ውሃ ይጠጣል፣ ይጣመማል። ግሬናዲላ የሚባለው የአፍሪካ ጥቁር እንጨት ይበልጥ የጸና ነው፣ ድምፁም ጠንከር ይላል። አዲስ ፍሉት ስትገዢ መጀመሪያ ሳምንት በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምሪ፣ በነፋሽ ቁጥር ክፍሎቹን አውጥተሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ውስጡን በአልሞንድ ወይ በተልባ ዘይት ቀቢው፣ ግን ቁልፉ ሥር ያለው ቆዳ ዘይት እንዳይነካው። በአንድ ቀን ሁለት ሰዓት ነፍተውት ራሱ ላይ ተሰንጥቆ ያመጡልኝ አሉ፣ በጣም ያሳዝናል፣ ስንጥቁ ይደፈናል ግን ባለቤቱ ያንን ቀን አይረሳውም።

እንደምትጓዢ ካሰብሽ አንድ ሌላ ነገር። የድሮ ኦሪጅናል ፍሉት ላይ ያሉት ቀለበቶች፣ አንዳንዴም ሙሉ ፍሉቱ፣ የዝሆን ጥርስ ናቸው። ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ላይ ይዘሽ ብትገኚ ሊወረስ ይችላል። ዛሬ የምንሠራው በሰው ሠራሽ ነው፣ ቢሆንም ሠሪው ከምን እንደሠራው በጽሑፍ ይስጥሽ። ግሬናዲላም በ2017 ቁጥጥር ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ያለቀለት የሙዚቃ መሣሪያ በ2019 ነው ነጻ የተደረገው፣ እነዚያ ሁለት ዓመታት ለኛ ለሠሪዎቹ በጣም ከባድ ነበሩ።

ዲ ሻርፕ

እንዴት ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም፣ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ሁለተኛ ፍሉት ስለ ልጅህ ያልከው ልቤን ነካኝ፣ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።

ጋሼ ስድስት ቀዳዳ (26 ዓመት ካሉ ጋሼ ልበልዎት) አንድ ነገር ልጠይቅ። ወርክሾፑ ላይ የሞት ያህል ያስቸገረኝ ኤፍ ነው፣ ኤፍ ናቹራል። ከፍ ይላል፣ ደግሞ የታፈነ ነው፣ ከጎኑ ጂ ግልጽ ብሎ ሲወጣ እሱ ከመጋረጃ ኋላ ያለ ይመስላል። ጂ ሻርፕም እንደዛው። ጥሩ ነፊዎች እኩል ያደርጉታል ወይስ ልክ እንደዛ ነው የሚቀረው? ይሄን የምጠይቀው ለሙያ ከሆነ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። እና ትምህርት ቤቱን ማንም አልነገረኝም።

ስድስት ቀዳዳ

ጋሼ ብትዪኝ ደስ ይለኛል። የኤፍ ጥያቄሽ ከሁሉም በላይ ትልቁ ጥያቄ ነው፣ ስለሱ ልቆይበት።

ፍሉቱ በተፈጥሮው የዲ ሜጀር ነው፣ ስድስቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ ስትከፍቺ የሚመጣው እሱ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ኖት በአብዛኛው በሹካ ጣት ነው የሚገኘው፣ መሃሉን ከፍተሽ ከታች ትዘጊያለሽ፣ ስለዚህ ድምፁ ይታፈናል። ኤፍ ከፍ ስለሚል ፍሉቱን ወደ ውስጥ ትንሽ ታዞሪዋለሽ፣ አየሩን ታሳንሺዋለሽ፣ ኤፍ ሻርፕ ደግሞ ዝቅ ስለሚል ተቃራኒውን። ይሄ በስድስት ወር ይለመዳል። እኩል ላድርገው ካልሽ ግን ዕድሜ ልክሽን አትጨርሺውም፣ ደግሞ ማድረግም የለብሽም። አቀናባሪዎቹ ይህን መሣሪያ ያውቁታል። ባህ ዲ ሜጀር ላይ ሲጽፍ ፍሉቱ ይበራል፣ ሲ ማይነር ላይ ሲጽፍ ግማሹ ኖት ጥላ ውስጥ ነው፣ ሐዘኑ ከዚያ ይመጣል። የማቴዎስ ሕማማት ውስጥ ሶፕራኖዋ ስለ ፍቅር ብሎ ሊሞት ነው እያለች የምትዘምረው አሪያ አለ፣ ፍሉት አለ፣ ሁለት ኦቦ ዳ ካቻ (ወፈር ያለ ድምፅ ያለው የኦቦ ዓይነት) አለ፣ ባስ የለም፣ ከታች የሚደግፍ ምንም ነገር የለም። ኤ ማይነር ነው፣ ኤፍና ጂ ሻርፕ ሞልተውታል። በብሩ ፍሉት ሁሉም ኖት እኩል ያማረ ሆኖ ይሄዳል፣ በእንጨቱ ግን ኤፉ ላይ ስትደርሺ ድምፁ ይሸሻል፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ነው የምታልፊው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦርኬስትራው መሃል ሆኜ የነፋሁት ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ዛሬም እዚያ ቦታ ስደርስ ያው ነኝ።

አንድ ደግሞ ልጨምርልሽ፣ ስምሽን ዲ ሻርፕ ብለሽ ስላየሁት። ክቫንትስ የሚባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ፍሉት ነፊ በ1726 ፍሉቱ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ጨመረ፣ ለምን? ዲ ሻርፕና ኢ ፍላት ለሱ አንድ ኖት አልነበሩም፣ ኢ ፍላት ትንሽ ከፍ ይላል። ዛሬ ፒያኖ ላይ አንድ ጥቁር ቁልፍ ናቸው። ይህን ልዩነት ጆሮሽ መስማት ሲጀምር ያኔ ትራቬርሶ እየነፋሽ ነው።

የክቫንትስን ሕይወት ሳነሳ ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው፣ ሰውዬው በ1718 የተቀጠረው በኦቦ ነው። ቀድመውት የገቡ ስለነበሩ በኦቦ ወደፊት እንደማይሄድ ሲያይ ወደ ፍሉት ዞረ፣ ቡፋርዳን ከሚባል ፈረንሳዊ ዘንድ የተማረው አራት ወር ያህል ብቻ ነው። በ1741 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ በርሊን ሲያስመጣው ደመወዙ በዓመት 2000 ታለር፣ ለጻፈው ሙዚቃ ለብቻ፣ ለሠራው ለእያንዳንዱ ፍሉት ደግሞ 100 ዱካት። ነፊ፣ አስተማሪ፣ ደራሲ፣ ሠሪ፣ አራት ስራ ነው። በ1752 ያወጣውን የፍሉት መጽሐፍ ደግሞ ካላነበብሽ ወደ ኦዲሽን አትሂጂ፣ ብዙው ክፍል ስለ ጣት ሳይሆን ስለ አነጋገር፣ ስለ ማስዋብና አብሮ ስለ መጫወት ነው። ምላስሽን በቲ እና በዲ፣ በሪ፣ ለፈጣኑ በዲድል ትሠሪያለሽ፣ እያንዳንዱ ፊደል የተለያየ ክብደት አለው፣ በብሩ የለመድነው ቱኩቱኩ ሁሉንም እኩል ያደርገዋል። ከሱ በፊት በ1707 የወጣው የኦቴቴር መጽሐፍ ደግሞ አጭር ነው፣ በጣት የሚሠራውን ፍላትማን (ቀዳዳውን ጠርዙን በጣት እየነኩ ድምፁን ማወዛወዝ) እዚያ ታገኚዋለሽ።

ትምህርቱን በተመለከተ ስዊዘርላንድ ባዝል ያለው ስኮላ ካንቶሩም የሚባለው ትምህርት ቤት ከ1933 ጀምሮ ለዚህ ሙዚቃ ብቻ የቆመ ነው። ሄግና ብራሰልስ ደግሞ ትራቬርሶ ነፊው ባርቶልድ ካይከን ለረጅም ዓመታት ያስተማረባቸው ናቸው፣ የዛሬው አስተማሪ ብዙው ከሱ ወይም ከሱ ተማሪዎች እጅ የወጣ ነው። ዘመናዊ ፍሉት የጨረሰ ሰው ለማስተርስ ይቀበላሉ፣ ግን በትራቬርሶ መጥተሽ መንፋት አለብሽ፣ በብሩ አይሆንም። ስለዚህ ከዛሬ እስከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ስጪው።

ለሁለተኛ ፍሉት፣ ያልከውን አስቤበታለሁ። ምናልባት አንድ ዓመት ሙሉ ይዘጋ ማለቴ ለሷ ከባድ ነው፣ ዲግሪዋን መጨረስ አለባት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግን ትራቬርሶው ቅድሚያ ያግኝ፣ እዚህ ላይ አልለቅም።

ባሶ ኮንቲኑዎ

ሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረው ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ነው የምጫወተው፣ ትንሽ ቡድንም አለኝ፣ ስለዚህ ስልኩን የምደውለው ሰው እኔ ነኝ። እኛ ቤት ኦዲሽን የሚባለው ነገር እምብዛም ነው፣ ሰው የሚጠራው አብሮት የተጫወተ ሰው ስሙን ሲያነሳ ነው። እኔ ፍሉት ነፊ ስፈልግ የማስበውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የማስበው ጣቱ ስንት ኖት እንደሚሮጥ አይደለም። ባሱን፣ ማለትም ከታች የሚሄደውን የኔን መስመር፣ ያነባል ወይ ነው። ነፊው የራሱን መስመር ብቻ አይቶ ሲመጣ ልምምዱ በሙሉ እሱን በማስረዳት ያልቃል፣ የኔን መስመር አይቶ እዚህ ጋ ሃርመኒው ስለሚጎረብጥ ልቆይበት የሚል ከሆነ ግን በሁለት ሰዓት ኮንሰርቱ ደረሰ። ስለዚህ ጊዜ ካለሽ ትንሽ ሃርፕሲኮርድ ተማሪ፣ ቁጥር የተጻፈበትን ባስ (ቁጥሮቹ ከላዩ የሚጨመረውን ሃርመኒ ይነግሩሻል) በዝግታም ቢሆን መጫወት ቻዪ። የድሮውን ኅትመትም ከፎቶ ቅጂው ማንበብ ልመጂ፣ የፈረንሳዮቹ ኖታ ጂ ክሌፉን (የኖቶቹን ቦታ የሚወስነውን ምልክት) የታችኛው መስመር ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ካልለመድሽው አንድ ገጽ አትሄጂም። እና ሬኮርደርም ተማሪ፣ ከጫፉ የሚነፋውን ቀጥ ብሎ የሚያዘውን ዋሽንት። ባህና ቴሌማን ላይ አንድ ሰው ሁለቱንም ሲይዝ ለቡድኑ አንድ የጉዞ ትኬት ተረፈ ማለት ነው፣ ማንም በግልጽ አይናገረውም ግን እንደዛ ነው የሚወሰነው። ያን ጊዜም ኦቦ ነፊዎቹ ናቸው ብዙ ጊዜ ፍሉቱን የሚይዙት።

ሌላው፣ መጠራትን ብቻ አትጠብቂ። ከተማሪዎች መሃል አንድ ቫዮላ ዳ ጋምባ (ጉልበት መሃል ተይዞ በደጋን የሚመታ የጥንት መሣሪያ) የሚጫወት ልጅና አንድ ሃርፕሲኮርድ ፈልጊ፣ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም አዘጋጁ። የባህ ሙዚቃዊ ስጦታ ውስጥ ያለው ትሪዮ ሶናታ በ1747 ለዚያው ፍሉት ነፊ ንጉሥ የተጻፈ ነው፣ ፍሉት፣ ቫዮሊንና ባስ ነው፣ ሲ ማይነር፣ ጋሼ ያሉት ጥላ ሁሉ እዚያ አለ፣ ለአንድ ዓመት ይበቃችኋል። ቤልጂየም ብሩዥ የሚካሄደው የጥንታዊ ሙዚቃ ውድድር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፣ አላሸነፍሽም እንኳን እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ኋላ የሚደውሉልሽ ናቸው። እኔ አሁን አብራኝ የምትጫወተውን ፍሉት ነፊ ያገኘኋት አንድ ውድድር ላይ በመጀመሪያው ዙር ከወደቀች በኋላ ኮሪደር ላይ ብቻዋን የቴሌማን ፋንታዚያ ስትነፋ ሰምቼ ነው፣ ስምንት ዓመት ሆነን።

ዲ ሻርፕ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ለአስተማሪዬ የሁለተኛ ፍሉትን መልስ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ከዚያ አንድ የድሮ ተማሪው ጋ ሳይነፋ የተቀመጠ ትራቬርሶ እንዳለ ነገረኝ፣ ላስውስሽ ነው ያለኝ! 415 ነው፣ ቦክስዉድ፣ ለሦስት ዓመት ከሳጥኑ አልወጣም አለ። ቅዳሜ እጄ ይገባል። ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት እሱን፣ ከሰዓት ብሩን፣ ሦስት ወር እሞክራለሁ፣ ከዚያ ቅጂ ልኬ ያዩልኛል? ጠራቢ እጅ፣ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ፍሉት ዝም ብዬ መንፋት እችላለሁ?

ጠራቢ እጅ

አትችዪም! እንደ አዲስ ቁጠሪው። ስትቀበዪው መጀመሪያ የመንፊያ ቀዳዳው አካባቢና መገጣጠሚያዎቹ ላይ ስንጥቅ እንዳለ በብርሃን እዪ፣ ከዚያ ክፍሎቹን አስገድደሽ አትግጠሚያቸው፣ መገጣጠሚያው ላይ የተጠመጠመው ክር ደርቆ ላልቶ ወይም አብጦ ሊሆን ይችላል፣ ከላላ አንድ ሁለት ዙር ክር ጨምሪበት፣ ከጠበቀ ቀንሺ፣ ሰም አስነኪው። ውስጡን በስሱ ዘይት ቀብተሽ አንድ ሌሊት አሳድሪው፣ ጠዋት የተረፈውን ጥረጊ። ራሱ ውስጥ ያለው ቡሽ ደርቆ ከቦታው ተንሸራትቶ ከሆነ ኦክታቮቹ አይገጥሙልሽም፣ የታችኛው ዲና የላይኛው ዲ ካልተስማሙ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ማለት ነው፣ ቡሹን በጥቂቱ እያንቀሳቀስሽ አስተካክዪ። ከዚያ 10 ደቂቃ፣ ዲ ሜጀርን ብቻ፣ ቀስ ብለሽ። ቅዳሜ የቁልፉን ቆዳ ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊልኝ፣ ከደረቀ መቀየር አለበት፣ እንዴት እንደሚቀየር እጽፍልሻለሁ።

ስድስት ቀዳዳ

ላኪልኝ፣ አያለሁ። በመጀመሪያው ቅጂ ግን ሙዚቃ አትላኪ፣ ከኢ እስከ ጂ ያሉትን ኖቶች ብቻ፣ ኤፉን መሃል አድርገሽ፣ ረዘም ረዘም አድርገሽ ንፊያቸው።